ፎስጂን፦ ከፋብሪካ ግብዓትነት እስከ ጦር መሣሪያነት

አርጆ፦ ፎስጂን በኬሚካል ኢንዱስትሪ ውስጥ ለስፖንጅ፣ ለጠንካራ ፕላስቲክ፣ ለፀረ ተባይና ለመድኃኒት ማምረቻ የሚያገለግል መርዛማ ጋዝ ነው። ይኸው ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጦር መሣሪያነት ውሎ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም በኢትዮጵያ ላይ ከተጠቀመባቸው መርዞችም አንዱ ነበር።

በሰላም ጊዜ ለምርት የሚውል ኬሚካል በጦርነት ጊዜ ለጥፋት ሊውል መቻሉ፣ ጉዳዩን የጦር ባለሙያዎችና የዲፕሎማቶች ብቻ አያደርገውም። ኬሚካል የሚገዛው፣ በጉምሩክ የሚፈትሸው፣ በመጋዘን የሚረከበውና ስለ አያያዙ ሪፖርት የሚያዘጋጀው የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ ኃላፊ ሁሉ ድርሻ አለው።

በምሥራቅ ወለጋ ዞን የጅማ አርጆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አርጆ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ ከነቀምቴ በስተደቡብ፣ ከዲዴሳ ሸለቆ በላይ ባለው ደጋ ላይ ትገኛለች። ከበታቿ ባለው ሸለቆ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ እርሻና የአርጆ ዲዴሳ ስኳር ፋብሪካ ይገኛሉ። ኢንዱስትሪ ወደ ገጠር በዘለቀ ቁጥር ኬሚካሎችም አብረው ስለሚዘልቁ፣ የእነዚህን ውህዶች ባሕርይና ታሪክ ማወቅ በየወረዳው ላሉ ኃላፊዎች የሥራ ጉዳይ ሆኗል።

የጋዙ ምንነት

ፎስጂን የካርቦን፣ የኦክስጅንና የክሎሪን ውህድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ በ1812 ሲሆን፣ ያገኘውም እንግሊዛዊው ኬሚስት ጆን ዴቪ ነው። ዴቪ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ክሎሪንን ቀላቅሎ ለፀሐይ ብርሃን ባጋለጣቸው ጊዜ አዲሱ ጋዝ ተፈጠረ። ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ “በብርሃን የተወለደ” የሚል ፍቺ አለው።

ጋዙ ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። በተለመደው የአየር ሙቀት ግን ቀለም የሌለው ጋዝ ነው። ክብደቱ ከአየር ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ በመሆኑ ሲለቀቅ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ በጉድጓድ፣ በምድር ቤት፣ በዋሻና በሸለቆ ውስጥ ይከማቻል። በታሪክ ውስጥ ላደረሰው ጉዳት አንዱ ምክንያት ይኸው ባሕርይው ነው።

ሽታው አዲስ ከታጨደ ሣር ወይም ከድርቆሽ ሽታ ጋር ይመሳሰላል። ይሁንና ሽታው በቂ ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም። በሥራ ቦታ ሊኖር የሚፈቀደው መጠን ከአየሩ አሥር ሚሊዮን እጅ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የሰው አፍንጫ ሽታውን የሚለየው ጋዙ ከዚህ መጠን ብዙ እጥፍ ካለፈ በኋላ ነው።

በኢንዱስትሪ ውስጥ ያለው ጥቅም

ፎስጂን በዓለም ላይ በየዓመቱ በከፍተኛ መጠን የሚመረት ቢሆንም በገበያ ላይ ብዙም አይታይም። አደገኛነቱ ከፍተኛ በመሆኑ አብዛኛው የሚመረተው ወዲያውኑ ጥቅም ላይ በሚውልበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከእርሱ ከሚሠሩት ውጤቶች መካከል ለስፖንጅ ፍራሽና ለሶፋ የሚሆነው ፖሊዩሬቴን የተባለው ቁስ የሚሠራባቸው አይሶሳይናቶች፣ ለመነጽርና ለመኪና መብራት የሚውለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ይገኙበታል። ፍራሽ አምራቾች የሚጠቀሙት በፎስጂን አማካይነት የተሠራውን አይሶሳይናት በመሆኑ ከጋዙ ጋር በቀጥታ አይገናኙም።

በዚህ የምርት ሰንሰለት ላይ የሚፈጠር ጉድለት ምን ያህል አስከፊ ሊሆን እንደሚችል በሕንድ ቦፓል ከተማ የደረሰው አደጋ አሳይቷል። በኅዳር 1977 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 1984) ሌሊት ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ የወጣው ሜቲል አይሶሳይናት የተባለ ጋዝ በተኙበት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። ይህ ኬሚካል የሚሠራው ፎስጂንን በግብዓትነት በመጠቀም ነው። በቦፓል ጦርነት አልነበረም፤ ለጉዳቱ መባባስ ምክንያት የሆኑት በአግባቡ የማይሠሩ የመከላከያ መሣሪያዎችና ከአጥሩ ሥር የነበረው የተጨናነቀ የመኖሪያ ሰፈር ናቸው።

በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ፎስጂን በዋነኛነት የሚያጠቃው ሳንባን ነው። ወደ ሳንባ የገባው ጋዝ አየርና ደም የሚገናኙበትን ስስ ግድግዳ ስለሚጎዳ፣ ከደም ሥር የሚወጣ ፈሳሽ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ይሞላል። ተጎጂው በደረቅ መሬት ላይ እያለ ውኃ ውስጥ እንደ ሰመጠ ሰው አየር ያጥረዋል።

የጋዙ አደገኛ ጠባይ መዘግየቱ ነው። በጋዙ የተጠቃ ሰው መጀመሪያ ላይ ዓይኑንና ጉሮሮውን ትንሽ ቆጥቁጦት ሊተወው ይችላል። ከዚያም ለጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ድረስ፣ ደኅና መስሎ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሥራ የሠራ ወይም ረጅም መንገድ የተጓዘ ተጎጂ ሕመሙ ይባባስበታል። ለፎስጂን የተለየ ማርከሻ መድኃኒት የለም። የሚደረገው እርዳታ ሙሉ ዕረፍት፣ ኦክስጅንና የቅርብ የሐኪም ክትትል ነው።

ወደ ጦር መሣሪያነት የተደረገው ሽግግር

መርዝ ጋዝ በዘመናዊ ጦርነት በከፍተኛ መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ የዋለው ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ሚያዝያ 22 ቀን 1915) በቤልጅግ፣ ኢፕር በተባለች ከተማ አቅራቢያ ነው። የጀርመን ጦር በሲሊንደር ያከማቸውን የክሎሪን ጋዝ ነፋሱን ተከትሎ ወደ ፈረንሳይ ምሽጎች ለቀቀው። ክሎሪን በዚያን ጊዜ በጀርመን የማቅለሚያ ኬሚካል ፋብሪካዎች በብዛት የሚገኝ ተራ ግብዓት ነበር።

እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 1915 ጀርመኖች በዚሁ ግንባር ክሎሪንን ከፎስጂን ጋር ቀላቅለው ለቀቁ። ፎስጂን ከክሎሪን ይልቅ መርዛማ፣ በዓይንም ለመለየት አስቸጋሪ ስለነበር በሁለቱም ወገን የነበሩ ኃያላን መንግሥታት በስፋት ተጠቀሙበት። በጦርነቱ ውስጥ በመርዝ ጋዝ የሞቱት ሰዎች ቁጥር 90 ሺህ ገደማ እንደሚደርስ የሚገመት ሲሆን፣ ከእነዚህም 85 በመቶ ያህሉ የሞቱት በፎስጂንና ከእርሱ ጋር ዝምድና ባላቸው ውህዶች እንደሆነ ይነገራል።

ከጦርነቱ በኋላ ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ሰኔ 17 ቀን 1925) የጄኔቭ ፕሮቶኮል ተፈረመ። ፕሮቶኮሉ መርዛማ ጋዞችንና የባክቴሪያ መሣሪያዎችን በጦርነት መጠቀምን ይከለክላል። ኢጣሊያ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ በ1928 አጽድቃለች። ኢትዮጵያም የፋሺስት ጦር የመረብን ወንዝ በተሻገረበት በ1928 ዓ.ም መስከረም ወር ስምምነቱን ተቀብላለች። በመሆኑም ሁለቱ ሀገሮች በተዋጉበት ጊዜ በአንድ ሕግ የታሰሩ ነበሩ።

በኢትዮጵያ ላይ የተፈጸመው ወንጀል

ሕጉ በወረቀት ላይ እያለ የኢጣሊያ መንግሥት ከፍተኛ መጠን ያለው የመርዝ ቦምብ በመርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አጓጓዘ። ሙሶሊኒ በጥቅምት 1928 ዓ.ም ለጄኔራል ግራዚያኒ፣ በታኅሣሥ ወር ደግሞ ለማርሻል ባዶሊዮ በቴሌግራም የጋዝ ፈቃድ ሰጥቷል።

በሰሜን ግንባር ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም በተከዜ ወንዝ አካባቢ የልዑል ራስ እምሩ ጦር ከአውሮፕላን በተጣለ የሰናፍጭ ጋዝ ተመታ። ራስ እምሩ በኋላ እንደገለጹት፣ የወደቁት ነገሮች እንደ ተለመደው ቦምብ አልፈነዱም፤ ተሰብረው ፈሳሽ ረጩ። ፈሳሹ የነካቸው ወታደሮችና የአካባቢው ገበሬዎች እጅ፣ እግርና ፊታቸው ተላጠ። ውኃ ጥም ያቃጠላቸው ደግሞ ከተመረዘው ወንዝ ጠጡ።

የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያቃጥልና በመሬት ላይ ለቀናት የሚቆይ መርዝ በመሆኑ በዚህ ጦርነት በብዛት የዋለው እርሱ ነው። ፎስጂን ደግሞ በተለይ በደቡብ ግንባር በግራዚያኒ ትእዛዝ ተጥሏል። ጆርጆ ሮሻና አንጄሎ ዴል ቦካን የመሳሰሉ ኢጣሊያውያን የታሪክ ተመራማሪዎች ከሀገራቸው የጦር መዛግብት ያወጡት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ በሰሜን ግንባር ከ900 በላይ ትላልቅ የሰናፍጭ ጋዝ ቦምቦች፣ በደቡብ ግንባር ደግሞ ወደ 300 የሚጠጉ የፎስጂን ቦምቦች ተጥለዋል። በአምባ አራዶም ውጊያም አርሲን የተባለ ሌላ መርዝ የያዙ የመድፍ ጥይቶች ተተኩሰዋል።

የኢትዮጵያ ጦር የጋዝ ጭምብልም ሆነ መከላከያ ልብስ አልነበረውም። ለዘመናት ለአርበኛው መጠጊያ የነበሩት ሸለቆ፣ ገደልና ዋሻ ከአየር በከበደ ጋዝ ፊት ወጥመድ ሆኑበት። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ ዶክተር ማርሴል ዥኖ በቆረም በጋዝ የተቃጠሉ ተጎጂዎችን አይተው ምስክርነታቸውን በጽሑፍ አስፍረዋል። የኢጣሊያ ጦር ዋና ዋናዎቹ ውጊያዎች ካበቁ በኋላም ጋዝ መጠቀሙን አላቆመም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም በመንዝ አካባቢ፣ ዘረት በተባለ ስፍራ በዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር በመርዝ ጋዝ ተጠቅተዋል።

ሰኔ 1928 ዓ.ም በወለጋና በጄኔቭ

አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ የምዕራብ ኢትዮጵያ ክፍል ገና አልተያዘም ነበር። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ሲዛወር፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና የተማሩ ዜጎች በወለጋ ተሰባስበው “ጥቁር አንበሳ” የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ድርጅቱ አሥር ነጥቦች ያሉት ደንብ የነበረው ሲሆን፣ በውስጡም አባላት ገበሬውን እንዳይበድሉና በምርኮኛ ላይ በደል እንዳይፈጽሙ የሚከለክሉ ድንጋጌዎች ይገኙበት ነበር።

በዚያው ወር፣ ሰኔ 1 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ሙሶሊኒ “አመፀኞች” ያላቸውን ለመጨረስ ጋዝ እንዲጠቀም ለግራዚያኒ በቴሌግራም አዘዘ። ሰኔ 19 ለ20 አጥቢያ ጥቁር አንበሶች በነቀምቴ አቅራቢያ በምትገኘው ቦናያ አውሮፕላኖቻቸውን ባሳረፉት የኢጣሊያ መኮንኖች ላይ አደጋ ጥለው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ከሞቱት መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና ታዋቂው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኙበታል። በሰሜን ጋዙን ከአየር ያወረደው የጦር ክፍል በወለጋ መሬት ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቀርበው አውሮፕላኖች ተከታትለው በመብረር መርዙን እንደ ጉም በሰው፣ በከብት፣ በውኃና በግጦሽ ላይ እንዳርከፈከፉት አስረዱ። ማኅበሩ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በኢጣሊያ ላይ ተጥሎ የነበረውን የኢኮኖሚ ማዕቀብ አነሣ። በተከዜ የጋዙን ጥቃት ያዩት ራስ እምሩ በምዕራቡ ክፍል ከጥቁር አንበሶች ጋር ትግላቸውን ቀጥለው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም በጎጀብ ወንዝ ተከበው ተማረኩ።

የኢጣሊያ መንግሥት ጋዝ መጠቀሙን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲክድ ቆይቶ በ1988 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1996) የመከላከያ ሚኒስቴሩ ድርጊቱ መፈጸሙን ለሀገሩ ፓርላማ አረጋግጧል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕግ

የጄኔቭ ፕሮቶኮል ዋነኛ ጉድለት መጠቀምን ቢከለክልም ማምረትንና ማከማቸትን አለመከልከሉ፣ የሚቆጣጠርና የሚመረምር አካልም አለማቋቋሙ ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት የኬሚካል ጦር መሣሪያዎች ክልከላ ስምምነት እ.ኤ.አ ጥር 1993 ለፊርማ ቀረበ። ኢትዮጵያ በዚያው ወር ፈርማ፣ ግንቦት 5 ቀን 1988 ዓ.ም አጽድቃዋለች። ስምምነቱ ከሚያዝያ 21 ቀን 1989 ዓ.ም ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ዛሬ 193 አባል ሀገሮች አሉት። አፈጻጸሙንም ዋና መሥሪያ ቤቱ በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ የሆነ ድርጅት ይከታተላል። አባል ሀገሮች እንዳላቸው ያሳወቁት የኬሚካል ጦር መሣሪያ ሁሉ ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም ተወግዶ ተጠናቅቋል።

ስምምነቱ ኬሚካሎችን በሦስት ሠንጠረዦች ይከፍላል። ፎስጂን የሚገኘው በሦስተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ሲሆን፣ ይህም በኢንዱስትሪ በብዛት የሚሠራባቸውን ነገር ግን ለጦር መሣሪያነት ሊውሉ የሚችሉትን ይይዛል። በዓመት ከ30 ቶን በላይ የሚያመርት ፋብሪካ በመንግሥት በኩል ለድርጅቱ መገለጽ አለበት። የውጭ ንግድ መረጃውም በየዓመቱ ይቀርባል።

ክሎሪን ለውኃ ማከሚያነትና ለሌላም ጥቅም እጅግ አስፈላጊ በመሆኑ በየትኛውም ሠንጠረዥ አልተካተተም። ይሁን እንጂ ስምምነቱ ማንኛውም መርዛማ ኬሚካል ሰውን ለመጉዳት በተዘጋጀ ጊዜ የጦር መሣሪያ እንደሚሆን ይደነግጋል። ድርጅቱ ባካሄዳቸው ምርመራዎች እ.ኤ.አ በ2018 በሶርያ በሳራቂብና በዱማ ክሎሪን በጦር መሣሪያነት መዋሉን ያረጋገጠው በዚህ መሠረት ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቅ ጥንቃቄ

በወለጋ ከተሞችም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ለሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ቅርብ የሆነው ሥጋት በጥፋት ታስቦ ከሚፈጸመው ይልቅ በቸልተኝነት የሚደርሰው ነው። በትላልቅ የውኃ ማጣሪያዎች ክሎሪን በሲሊንደር፣ በአነስተኛ ከተሞች ደግሞ በዱቄት መልክ ይሠራበታል። ነጭ ስኳር የሚያመርቱ በርካታ ፋብሪካዎች የአገዳ ጭማቂ ለማጥራት ኖራና ድኝ ተቃጥሎ የሚገኘውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይጠቀማሉ። በዮርዳኖስ የአቃባ ወደብ ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ.ም አንድ የክሎሪን ታንክ ከክሬን ላይ ወድቆ 13 ሰዎች መሞታቸው በማጓጓዝ ላይ የሚፈጠር አንድ ስሕተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያሳያል።

በመሆኑም የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ተገቢ ናቸው፤

- የክሎሪን ሲሊንደርና ዱቄት አየር በሚገባው፣ ደረቅና በተቆለፈ መጋዘን፣ ከነዳጅና ከአሲድ ተለይተው ሊቀመጡ፣ ገቢና ወጪያቸውም በመዝገብ ሊያዝ ይገባል። መጋዘኑ በምድር ቤት ወይም በጉድጓዳማ ስፍራ መሆን የለበትም።

- በረኪና ከአሲድነት ካላቸው የንጽሕና ኬሚካሎች ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ቅልቅሉ በቢሮ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንኳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

- ክሎሪን ባላቸው የቅባት ማጽጃ ፈሳሾች የታጠበ ብረት በሚገባ ሳይደርቅ አይበየድም። ትነቱ በብየዳ ሙቀትና ብርሃን ወደ ፎስጂን ሊለወጥ ስለሚችል በየጋራዡና በየወርክሾፑ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሊያውቁት ይገባል።

- ጋዝ ባመለጠ ጊዜ ሠራተኛውና ነዋሪው የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ከነፋሱ መንገድ በጎን በኩል በመውጣት ወደ ከፍታ ቦታ መሄድ አለበት። በዲዴሳ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰው ወደ ወንዙ መውረድ አይገባውም።

- በጋዝ የተጠቃ ሰው ልብሱ ወልቆ፣ ቆዳውና ዓይኑ በብዙ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይራመድ በመጓጓዣ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። በፎስጂን መጠቃቱ ከተጠረጠረ ደኅና ቢመስልም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከሐኪም እይታ አይለይም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቁሶች በጥንቃቄ እንዲያዙ የሚጠይቅ ሲሆን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም የደረሰባት ጉዳት መከላከያ መሣሪያም ሆነ ሕግ አስከባሪ ባልነበረበት ዓለም የተፈጸመ ነበር። ዛሬ ሕጉም ተቆጣጣሪው ድርጅትም አሉ። ሥራቸው የሚጀምረው ግን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በእጁ ያለውን ኬሚካል ዓይነትና መጠን በትክክል መዝግቦ ሲያውቅ ነው።